የጎሹ መልቀቂያ

ኪ ኪ ኪ! ቆይ፣ ሳቄ ይውጣልኝና ልንገራችሁ፤ ዋናው ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ወኪል፤ ተጫዋችና ክለብ በደመወዝ ሲጨቃጨቁ መሃል ገብታ የምታስማማ። ፊደል እምብዛም አልቆጠረችም፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። አንድ ቀን ውሉ ያለቀበትን አጥቂ፣ ጎሹን፣ አስከትላ ክለቡ ቢሮ ሄደች። ሌላ ክለብ በደህና ደመወዝ ሊወስደው ቆርጧል፤ የቀረው መልቀቂያ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ምዝገባው ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ቀን።

ወረቀቱ ያለው በሊቀመንበሩ በኢንጂነር አጥናፉ እጅ ነው። እሳቸው ደግሞ ሲቀመጡ እንኳ ወንበሩ እንዲያመሰግናቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው!

«ስሚ አንቺ ሴትዮ» አሉ የክለቡ ኮሚቴ ተሰብስቦ እየሰማ፣ «ይሄ ልጅ እግሩ ሸምበቆ፣ ትንፋሹ የአሮጌ ወናፍ ነው። ኳስ ሲያይ ይደነግጣል። በድሮው ደመወዙ ሦስት ዓመት ይፈርምልኝ፤ አለዚያ ወረቀቱን አልሰጥም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያረጃል!»

ጎሹ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ አንድ ነገር ብትናገር ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ፤ ኢንጂነሩም ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው መልቀቂያውን ፈርመው ሰጧት። ያለችው እንዲህ ነው፦

«ጌታዬ፣ እኔ ፀጉሬ የሸበተው ገበያ ላይ ዶሮ ስሸጥ ነው። ያልወደደ ገዢ ‹ሥጋ የላትም› ይልና ዶሮዬን መሬት አስቀምጦ ይሄዳል። የወደደ ግን እየሰደባትም እግሯን አይለቅም። እንግዲህ እርስዎም ወይ እንደወደደ ሰው ይክፈሉ፣ ወይ የልጁን እግር ይልቀቁልኝ!»