ከቀጋው አጥር ወዲያ

ጡረታ የወጡት ዳኛ ይርዳው ከቀጋ አጥራቸው ወዲያ ላሉት ጎረቤቶች ሰላምታ እንኳ ይነፍጉ ነበር። "ከዚያ ሰፈር እንግዳም ምራትም አልፈልግም" ይሉ ነበር። ግቢያቸውን በአበባ ለማስዋብ ሲነሡ ግን፣ በከተማው የአትክልት ንድፍ የተማረች ብትፈለግ የተገኘችው ከአጥሩ ወዲያ ያለው የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻ ሆነች። ሰው ፊት ቀና የማትል ዓይን አፋር ናት።

ንድፍ ከመጀመሯ በፊት ግቢውን እንዳለ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበረባት። ዛፎቹን፣ ጉድጓዱንና የጎርፉን መውረጃ እየለካች አሰፈረች። ከዘይቱኑ ዛፍ ጀርባ ስትደርስ እጇ አመነታ። ብትተወው ማንም ልብ አይልም ነበር፤ እሷ ግን ሳለችው።

ዳኛው ወረቀቱን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የአጥር ቀዳዳ ነው፣ ጌታዬ።"

"በእኔ አጥር ድመት እንኳ አታልፍም። በይ ምስክር አምጪ፤ አለዚያ ሥራውም ይቅርብሽ፣ ከግቢዬም ውጪልኝ።"

የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

"ምስክሩ ልጅዎ ምንተስኖት ነው። ወደ እኛ ሲመላለስ እሾሁ የቀደደውን ሱሪ ሁሉ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።"

ዳኛው "ዛሬውኑ ይዘጋል" ሲሉ ፈረዱ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ቀና አለች።

"ይዘጋ እንጂ፣ አባባ። ንድፉን ገና አልጀመርኩም፤ በር አድርጌ እሥለውና ሲመሽ እንዘጋዋለን።"