የአርባ ቁጥር ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ የመተንፈሻ ማሽን በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ። የማወራችሁ ፍርድ እንድትሰጡኝ ነውና ጆሯችሁን አትንፈጉኝ።

አንጋፋው ጋሽ ጉልላት የማሽኑን ከርነል፣ ማለትም ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያዘውን እምብርት፣ ብቻቸውን ጻፉ። ቁጥሮቹን ያለ ስም ነው የተዉአቸው፤ እዚህ አርባ፣ እዚያ አርባ። «ይሄ ደግሞ የምን አርባ ነው?» ሲባሉ ግንባራቸውን መታ መታ አድርገው «እዚህ አለ» ይላሉ። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከእሳቸው በቀር የሚገባ የለም።

ሁለተኛው ባለሙያ እንዳሻው ዝርክርክ ነገር አይወድም። አንዱን አርባ ጠቁሞ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላቸው።

«የግፊት ጣሪያ ነዋ!»

እሱም አርባዎቹን በሙሉ አጥፍቶ በየቦታቸው «የግፊት ጣሪያ» የሚል ስም ተካ፤ አርባን አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የስሙ ዋጋ አድርጎ ጻፈው። ሁሉም አመሰገነው። ከአርባዎቹ አንዱ ግን ግፊት አልነበረም፤ ማሽኑ የአየር መለኪያውን መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። እንዳሻው አልጠየቀም፣ ጋሽ ጉልላትም አልነገሩትም።

ሦስተኛዋ ሐመልማል በዕድሜ ከሁለቱም ታንሳለች። እህቷ ወይንእሸት ያለጊዜው ወለደችና ሕፃኑ በእነሱው ማሽን ይተነፍስ ጀመር። ሐኪሟ «ይህ ግፊት ሳንባውን ይጎዳዋል፤ ጣሪያውን ዝቅ አድርጉልኝ» አለች። አዲስ ለውጥ መጀመሪያ በባዶ ማሽን ላይ መሞከር የድርጅቱ ደንብ ነው። ሙከራው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሕፃኑ ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቅ አይመስልም። ሐመልማል ሙከራውን ዘልላ አርባውን ሃያ አምስት አድርጋ በተጠባባቂው ማሽን ላይ ጫነችው። ሕፃኑን ወደዚያ አዛወሩት።

ማሽኑ ጥቂት ነፋለት። ከዚያ የመጠበቂያው ጊዜም አብሮ ሃያ አምስት ሆኖ አጥሮበት ነበርና መለኪያው የተበላሸ መስሎት ቀጥ አለ።

የሕፃኑ ከንፈር ሲጠቁር ሐመልማል በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ነርሷ በእጅ የሚጨመቀውን መተንፈሻ አንስታ መንፋት ያዘች። ሕፃኑ እንደ ምንም ተመለሰ። ይጎዳ አይጎዳ ግን ገና አይታወቅም።

ወይንእሸት ከሕፃኑ ክፍል ውስጥ ሆና «ልጄን እንዲህ ያደረገው ማነው? ራሱ ገብቶ ይንገረኝ!» አለች።

ሁለቱ ወንዶች ወሬውን ሰምተው መጥተዋል፤ ሐመልማልም ወጥታ ሦስቱም በተዘጋው በር ላይ ቆመዋል።

«ቁጥሩ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ እንዳሻው።

ሐመልማል ከሁለቱ ጀርባ ፈቀቅ አለች። ከሁሉም ያስፈራት የእህቷ ዓይን ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ያንን በር ከፍቶ መግባት ያለበት ማነው?