የደመወዝ ጭማሪ የጠየቀው ፋርማሲስት

አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ ጸሎተኛ ግን ቋጣሪ ባለሀብት ትልቅ ፋርማሲ ነበራቸው። ለዓመታት ያገለገላቸው ፋርማሲስት የቤት ኪራይ ቢጨመርበት፣ “ጋሼ፣ በዚህ ደመወዝ ልጆቼን ማሳደር አቃተኝ፤ ትንሽ ይጨምሩልኝ” አላቸው።

እሳቸውም በሌሎቹ ሠራተኞች ፊት እጃቸውን ዘርግተው፣ “እግዜር ጓዳህን ይሙላው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ” ብለው መረቁት።

“ደመወዙስ፣ ጋሼ?”

“ለመሆኑ ምርቃት ይበልጣል ወይስ ብር? ሰው እየሰማህ ተናገር” አሉት። ብር ቢል ፈጣሪን የናቀ ሊባል ነው፤ ምርቃት ቢል ጭማሪው ሊቀርበት ነው።

“ምርቃት ይበልጣል” አለ።

“እንግዲያው ወደ ሥራህ።”

ወዲያው አንዲት አሮጊት የሐኪም ማዘዣ ይዘው ገቡ። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሰጣቸውና፣ “ብሩን ወደ መቀነትዎ ይመልሱት፣ እማማ። ጋሼን ይመርቁልን፣ ይበቃል” አላቸው። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። ተራ የሚጠብቁትም ይህን ሰምተው ብራቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ ወልደሰንበት ደንግጠው፣ “ኧረ አንተ ሰው፣ ልታከስረኝ ነው? ብሩን ተቀበላቸው እንጂ” አሉ።

“ምነው ጋሼ፣ የሚበልጠውን እየሰጡዎት የሚያንሰውን ምን ያደርጉታል? ይልቅ ሳያልፍብዎት አሜን ይበሉ።”

እሳቸው ግን አሜን ማለቱን ትተው ጭማሪውን እዚያው ፈቀዱለት።