ብረቱ አፉ ውስጥ ሳለ

«እትዬ፣ ይህ ጉጠት ለየትኛው ብረት ነው የተሠራው?»

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። መጥረቢያ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ነበር። በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። እኔ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዣለሁ፤ ልጄ ይመታል። ሰውዬው እጄን ሲያይ ሲያይ ቆየና ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ቀለድኩበት። «ጉጠት ለብረት ካልሆነ ለጎመን ይሠራል?» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ አጠገቡ የተቀመጡትም ሳቁ። አሁን እናንተም ሳቃችሁ። ግን ወገኖቼ፣ ይህ መልስ ነው? መልስ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ያስቃል።

ዛሬ ወደዚህ ጸሎት ስብሰባችን መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። በጣም ዘግይቷል፤ ቢሆንም ይዤ መጥቻለሁ።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ቀጥቃጮች ነን። ማጭዳችሁ ሲደነዝዝ ወደ እኛ ትመጣላችሁ። ባለቤቴ ላምቤቦ ከሞተ በኋላ በምድጃው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ቀረን። ወንዱ ልጄ ኤርጎጌ መዶሻውን ያነሳል። ሴቷ ልጄ አማረች ወናፉን ትነፋለች። እኔ እይዛለሁ።

መያዝ ቀላል ይመስላችኋል? የሚመታውን ሁሉም ያየዋል። ክንዱ ይታያል፣ ላቡ ይታያል። የሚይዘውን ማን ያየዋል? ብረቱ ካላመለጠው በቀር ማንም አያየውም።

ጉጠቱን የሠራው ላምቤቦ ነው። በእሱ ጊዜ ብዙ የምንሠራው በክብ ብረት ነበር፤ ግንበኞች ቆርጠው በሚጥሉት ቶንዲኖ። ስለዚህ የጉጠቱን አፍ ከውስጥ ጎድጎድ አድርጎ፣ ለክብ ብረት እንዲመች አበጀው። ቶንዲኖውን እንደ ጎረሰ ይይዘው ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር ባለቤቴ።

እሱ ከሞተ በኋላ ግን ገበያው ተለወጠ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ መምጣት ጀመረ፤ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ብረት። መጥረቢያውም ዶማውም ከእሱ ሆነ። እንግዲህ ጠፍጣፋ ብረት በክብ አፍ ስትይዙት ምን ይሆናል? በጠርዙ ብቻ ይነካል። መዶሻው መሃሉን ሲመታው ይቆማል፤ ዳሩን ሲመታው ይዞራል። እኔ ደግሞ በዞረ ቁጥር ጠበቅ አደርጋለሁ። እንደገና ይዞራል፤ እንደገና ጠበቅ አደርጋለሁ። እጀታዎቹን የሚያጣብቅ የብረት ቀለበት አስገባሁበት። መዳፌን በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሲመሽ ጣቶቼ አይዘረጉም ነበር፤ አማረች እጄን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አድርጋ አንድ በአንድ ትዘረጋልኛለች።

ኤርጎጌ አዲስ ጉጠት እንሥራ ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። አባትህ በዚህ ጉጠት ነው ያሳደገህ እለዋለሁ፤ ዝም ይላል። ልጅ አባቱን ጠቅሰው ሲናገሩት ምን ይመልሳል? እኔም ዝም እንደሚል ስለማውቅ ነው የምጠቅሰው።

እውነቱን ልንገራችሁ። የያዝኩት ብረቱን ብቻ አልነበረም። የኤርጎጌ አጎት ልጅ ሐዋሳ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት አለው፤ ና እያለ ይልክበት ነበር። ልጄ ሊሄድብኝ ነው ብዬ እፈራለሁ። ሌሊት ሲያስል እነቃለሁ፣ ሳያስል ሲቀርም እነቃለሁ። ታዲያ እናቱ በዚያ ክፉ ጉጠት እየታገለች ጥሏት አይሄድም ብዬ አሰብኩ። አያችሁ? ጉጠቱ መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ። መጥፎ ስለሆነ ነው ያልለቀቅኩት።

ወደ ገበሬው ልመልሳችሁ። ጠየቀኝ፣ ቀለድኩ፣ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ኤርጎጌ የመጥረቢያውን ዳር መታ። ብረቱ ዞረ። ከጉጠቱ አምልጦ በአየር ሄደና ወናፉ ጋ በተቀመጠችው በአማረች ክንድ ላይ አረፈ።

በዚያች ሰዓት ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ልጄን ማሩኝ አልኩ? ወይኔ ክንዷ አልኩ? አላልኩም። «ማን ወደዚህ ተጠጊ አለሽ?» አልኳት።

እሷ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም ነበር። ዘወትር የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ገበሬው ውኃ አመጣላት። ጥያቄውን አልደገመም፤ ቢደግምልኝ በተሻለኝ ነበር።

ኤርጎጌ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እማ፣ ነገ ጉጠት እንሠራለን» አለ። የአባቱን ስም ለመጥራት አፌን ከፈትኩ፤ የአማረችን ክንድ አየሁና ዘጋሁት።

በማግስቱ ሠራን። ኤርጎጌ ሁለት ብረት አግሎ የሁለቱንም ጫፍ ለአፍ ጠፍጣፋ አደረገ፤ ከወገባቸው ቀዳዳ በስቶ አንዱን ባንዱ ላይ በሚስማር አሰራቸው። እኔ ከጎኑ ቆሜ አስጨንቀዋለሁ። አፉ ግጥም ይበል፣ ክፍተት አለው፣ አሁንም ክፍተት አለው። እሱም ደክሞት ነበርና እንዳልኩት አደረገ። ባዶውን አፍ በትኩሱ እየመታ ግጥም አደረገው። ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት፤ ብርሃን አያሳልፍም። ያን ቀን እጅግ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጉጠት ምን ያመልጠዋል? አልኩ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ባሌስትራውን አጎረስነው። ምን ሆነ? ብረቱ ሲገባ አፉ ተከፈተ፤ ከሚስማሩ አጠገብ ባለው ጉሮሮው ብቻ ነከሰ፣ ከንፈሩ በአየር ላይ ቀረ። ገና ሳንመታው ብረቱ ተወዛወዘ። ባዶውን ሲሆን ግጥም ያለው ጉጠት፣ ብረት ሲይዝ ከአሮጌው አልተሻለም።

ኤርጎጌ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አማረች፣ ክንዷ በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ ከወናፏ ሳትነሳ ተናገረች። «ባዶ አፍ ስለዘጋችሁ ነው። ብረቱ አፉ ውስጥ ሳለ ምቱት።»

ወንድሟ ዞር ብሎ አያት። «ይቺን ከሰል ስታቀጣጥል አስከረምናት፣ ለካ መሐንዲስ ናት» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማሁት።

እንዳለችው አደረግን። አፉን እንደገና አጋለው። ቀዝቃዛውን ባሌስትራ በጋለው አፍ መሃል አስገባን፤ ከላይም ከታችም መታው። አፉ የብረቱን ውፍረት ወሰደ። ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ተኛበት። እጀታዎቹንም መዳፌ በሚሞላው ስፋት አራራቃቸው። ሲቀዘቅዝ ያዝኩት፤ ኤርጎጌ ዳሩን በሙሉ ኃይሉ መታው።

አልዞረም። እኔ ደግሞ ጠበቅ አላደረግኩም። ቀለበት የለም፣ ጨርቅ የለም። በቀላሉ ይዤዋለሁ፣ እንደ ማንኪያ።

ያን ጊዜ ደስ ያለኝ ይመስላችኋል? አይደለም፣ ደከመኝ። የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ያ ሁሉ መጨበጥ ለምን ነበር? ልጄን ያቃጠልኩት ለምን ነበር? ጥፋቱ የጉልበት ማነስ አልነበረም። የምይዘውን ሳላይ መያዜ ነበር።

እናቶች፣ አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። የምትይዙት ለየትኛው ብረት በተሠራ ጉጠት ነው?

ስለ ልጃችሁ ስትጸልዩ የምትጸልዩት ስለየትኛው ልጅ ነው? እቤት ስለተኛው ነው ወይስ በልባችሁ ስለሠራችሁት? እኔ ለስንት ዓመት ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ልጄ እንደ አባቱ ይሁን፣ ከምድጃው አይለይ፣ እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይሁን እያልኩ። ግጥም ያለ ጸሎት ነበር፤ ብርሃን አያሳልፍም። ልጁ ግን ውስጡ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ልጄ፣ ምን ትፈልጋለህ ብዬው አላውቅም።

ሲያመልጡን ምን እናደርጋለን? ጠበቅ እናደርጋለን። እንቆጣለን፣ እናለቅሳለን፣ የሞተ አባት ስም እንጠራለን። ሲብስ ደግሞ ያመለጠን ብረት በዝምታ የተቀመጠውን ሰው ያቃጥላል። እኛም እሱኑ ማን ተጠጋ አለህ እንላለን። እናንተ ቤት ወናፍ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ያላያችሁት ልጅ የትኛው ነው?

ዘንድሮ ማታ ማታ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊደል እቆጥራለሁ። መምህሯ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች፤ እማማ፣ እርሳሱን ላላ አድርገው ይያዙት፣ ወረቀቱን ቀደዱት። እጄ አሁንም የድሮው እጅ ነው። ስለዚህ ተምሬ ጨርሻለሁ ብዬ አይደለም የቆምኩት።

ምሳሌም ልክ አለው። ልጅ ብረት አይደለም፤ የምንቀጠቅጠውም እኛ አይደለንም። ግን ይህን አስቡ። እግዚአብሔር እያንዳንዳችንን በሌላ ሰው ልክ ይዞን ያውቃል? እኔን እንደ ጎረቤቴ ይዞኝ ያውቃል? እንደ እኔ ነው የያዘኝ፤ ከነፍርሃቴ፣ ከነሐሰቴ። አጥብቆ አላሳመመኝም። አልጣለኝምም።

የጉጠቱን ነገር ልጨርስና ልቀመጥ። አዲሱ ጉጠት ጉልበት አይፈልግም አላልኳችሁም? ስለዚህ ኤርጎጌ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። ምድጃው ፊት ቆሞ፣ መዶሻውን በሁለት እጁ ይዞ። «እማ፣ አሁን እጅሽ አይጎዳም። ልሂድ?»

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የላምቤቦ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። መጀመሪያ ምን ትፈልጋለህ ብዬ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፤ ለረጅም ጊዜ ነገረኝ። ከዚያ ሂድ አልኩት።

አማረችንም ጠየቅኳት። አንቺስ? አልኳት። መዶሻውን ከወንድሟ እጅ ተቀበለች፣ ክብደቱንም ሞከረች። የተቃጠለው ክንዷ ላይ ጠባሳው ይታያል። አሁን እሷ ትመታለች፤ እኔ እይዛለሁ።

አጥብቄ የያዝኩት ኤርጎጌ በጥር ወር ሄደ። አንድም ቀን ይዣት የማላውቃት አማረች ቀረች።