አባባን መጠየቅ

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። ምንትዋብ ትባላለች። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮጀክት አስተባባሪ ናት። የብዙ ሰውን ሥራ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ደርድራ የምታስኬድ፣ ነገር የማይጠፋባት ሴት።

አባቷ አቶ ደጀኔ ኮምቦልቻ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ብቻቸውን። አንድ ጠዋት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ይሰማሉ፤ መናገር ግን አይችሉም። ዘምዘም የምትባል ጎረቤታቸው ናት የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው።

የምንትዋብ ወንድም ይገረም ሐዋሳ ነው፣ ታናሽ እህቷ ጽጌ ጅማ። ታዲያ ምን አደረገች? የምታውቀውን አደረገች። የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሯን ከፍታ አዲስ ፕሮጀክት አቋቋመች፤ ስሙንም «አባባ» አለችው። መድኃኒት መግዛት፣ ለይገረም። አስቤዛ መላክ፣ ለጽጌ። ሐኪሙን ማነጋገር፣ ለራሷ። እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት አለው፣ ቀን አለው። የተሠራው አረንጓዴ ይሆናል፣ የዘገየው ቀይ። ይገረም ሲያየው «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» አላት።

ክፋት አለው? የለውም። በፍቅር ነው የሠራችው። እዚህ ላይ አትፍረዱባት።

አንድ ሥራ ቀረ። «አባባን መጠየቅ» ብላ ጻፈችና ለሦስቱም በየተራ እንዲደርሳቸው አደረገችው። ይገረም ወዲያው ደወለ።

«ምንቴ፣ ከሐዋሳ ኮምቦልቻ በየጊዜው እንዴት ይሆናል? በስልክ ብጠይቀውስ?»

እሷም የምታስረክበው ሥራ ነበረባት፤ መንገዱም አድካሚ ነው።

«እሺ፣ በስልክም ይሁን» አለች። ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብታም አስተካከለችው።

ከዚያ ወዲያ ሦስቱም ይደውላሉ። ዘምዘም ስልኩን ከአዛውንቱ ጆሮ ታስጠጋለች። «አባባ፣ እንዴት ነህ? በርታ፣ እግዚአብሔር ይማርህ።» መልስ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ይዘጋል። አረንጓዴ። ክረምቱ በዚህ አለፈ። ምንትዋብ ቢሮ ስትገባ ገጹን ትከፍታለች፤ አንድም ቀይ የለም፤ ልቧ ያርፋል።

እናንተስ፣ ልባችሁን የሚያሳርፈው ምንድን ነው?

በጥቅምት ዘምዘም ራሷ ደወለች። «ምግብ እንቢ ብለዋል። ነይ።»

ሄደች። ሁሉን ትታ ሄደች። አባቷ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ» አለች። አልዞሩም። እጃቸውን ያዘች፤ ቀስ ብለው አስለቀቁት።

«አልሰማኝም መሰለኝ» አለች ለዘምዘም።

ዘምዘም «ይሰማሉ» አለች። «መጀመሪያ መጀመሪያ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ያዩ ነበር። ቆይተው ተዉት። ኋላ ኋላ ስልኩን ሳስጠጋላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አልነገርኳችሁም። ምን ብዬ ልንገራችሁ?»

ምንትዋብ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም። ስታለቅስ፣ ይቅርታ ስትለምን ሰነበተች። ሳምንቱ ሳይወጣ አቶ ደጀኔ ዐረፉ። አንዴም አልዞሩላትም።

በመጨረሻው ሰዓት እጇን ጨበጡ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልጨበጡም። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው፣ ይህን እሷም ታውቃለች። አባቷ ይቅር ብለዋት እንደሆነ ግን ከማን ትስማ? ዛሬም ድረስ አታውቅም።

ወገኖቼ፣ መጠየቅ ምንድን ነው? አባቶቻችን የታመመ ሰው ጠየቅን ሲሉ ጥያቄ ማቅረባቸው ነበር? ሄደው መቀመጣቸው ነበር እንጂ። የሚባል ነገር ሲያልቅም፣ ዝም ብለው መቀመጣቸው። እናንተ ስንቱን «ደውዬለታለሁ» ብላችሁ ከጫንቃችሁ አወረዳችሁት? ስንቷን እናት በየበዓሉ በአንድ መልእክት ሸኛችኋት? ሥራው እንደተሠራ ተቆጠረላችሁ፤ ሰውየው ግን ብቻውን ነው።

ከመካከላችሁ፣ አሁን፣ በዚች ሰዓት፣ በር በሩን እያየ የሚጠብቀው ሰው ያለው አለ። እስከ መቼ እንደሚያይ እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። የቀረውን ጸሎት እኔ እጨርሰዋለሁ፤ እናንተ ተነሡና ሂዱ።