ከስብሰባ የቀረችው ኤሊ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» በሉኝና ልጀምር።

አራዊት በጋራ የሚጠጡት አንድ ምንጭ ነበር። በየማለዳው ካልተጠረገ ይደፈናል። የሚጠርገው የኮሚቴ አባል በየዓመቱ ይመረጣል፤ ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው፣ ትርፉ ጭቃ ነው።

ለሰፈሩ አዲስ የሆነችው ሽኮኮ ካልጠየቀች አይሆንላትም። በስብሰባው ቀን የታመመው ከርከሮ እያነከሰ ሲመጣ አየችው።

«ጋሼ ከርከሮ፣ ምነው ተኝተው ቢያገግሙ?»

«የቀረ ይመረጣላ!» አላት።

ሰብሳቢው ዝንጀሮ «ማን ቀረ?» ሲል ሁሉም «ኤሊ!» አሉ። እንደ አምናው ኤሊን መርጠው አጨበጨቡ።

ሽኮኮ አላስችል ብሏት ኤሊን ፍለጋ ወጣች። ሩቅ አልሄደችም፤ ኤሊ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብላለች።

«እትዬ ኤሊ! እዚህ ነዎት እንዴ? መረጡዎት እኮ!»

«ጎሽ! እስኪጨርሱ እየጠበቅኩ ነው።»

«ለምን?»

«ነገ ማለዳ ነይና እይው።»

በማግስቱ ኤሊ ጭቃውን ስትገፋው ውሃው ቡልቅ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ገና ማንም ያልነካው። ሽኮኮም ከኤሊ ጋር ከአራዊቱ ሁሉ ቀድማ ጠጣች።

በዓመቱ ዝንጀሮ «ማን ቀረ?» ሲል «ኤሊና ሽኮኮ!» አሉት። ሁለቱም ከቁጥቋጦው ሥር ሆነው ሰሙ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ወደ ቁጥቋጦው አምጡልኝ።