ሻለቃው ጭልፊት

በእኛ አገር አንዳንድ ሹመት ሲታወጅ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የሚወረውራት አንዲት አባባል አለች። የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ የሃያ ፍየል ባለቤት ሆኖ ሲገኝ ትባላለች። ዱቄት ሲቆነጥር የኖረ ሰው የወፍጮ ቤት ተቆጣጣሪ ሲደረግም ትባላለች። የሰማት ሁሉ ይስቃል፤ ከየት እንደመጣች ሲጠየቅ ግን «የጥንት አባቶች ናት» ብሎ ያልፋል። የጥንት አባቶችም ቢሆኑ ያላዩትን አይተርቱም። እኔ ታሪኳን የሰማሁት ከአጎቴ ከሰጥአርጌ ነው። አጎቴ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ነገሩ የሆነ ዕለት የርግቦቹን ቅርጫት ጭኖ ቆላ የወረደው እሱ ራሱ ነው።

ወይራ አምባ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ገበያው ላይ ቆመው ወደ ማዶ ሲመለከቱ ቀይ ገደል ፊት ለፊት ይታያል፤ በዚያ ገደል ስንጥቅ ውስጥ ጭልፊት ይፈለፍላል። የላይ ሰፈሩ ባላባት ቀኛዝማች ድልነሳሁ ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ሠርተው ሲመለሱ አሥራ ሁለት ርግብ ይዘው መጡ። ተራ ርግቦች አልነበሩም። የግማሽ ቀን መንገድ ወስዶ የለቀቃቸው ሰው ገና በቅሎውን ሳይጭን እነሱ ቤታቸው ይገባሉ። የድሬዳዋ ነጋዴዎች እንደ ፈረስ ያሽቀዳድሟቸዋል። ቀኛዝማችም «ወይራ አምባ ከማን ታንሳለች?» ብለው በቆርቆሮ የተከደነ የርግብ ቤት አሠሩ።

ርግቦቹን እንድታሠለጥን የተቀጠረችው ማናህሎሽ ነበረች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት ከድሬዳዋ ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች። ሞያውን እዚያ ሳለች ከአንድ የመናዊ ሽማግሌ ጎረቤቷ ተምራዋለች። ርግቦቹን ሳታበላ ትወስዳቸውና መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ፣ ሲለምዱ ከወንዙ ዳር፣ በመጨረሻም ከቆላው ገበያ ትለቃቸዋለች። ሲመለሱ ማሽላ በጣሳ እያንኳኳች ትቀበላቸዋለች።

በመጀመሪያው ዓመት ጭልፊት ስምንቱን በላባት። ለእያንዳንዷ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ገደሉን ታጠና ጀመር። ጭልፊት የሚነሳው ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው መሆኑን አየች፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መልቀቅ ጀመረች። ጭልፊት ጫጩት በሚያሳድግበት ወራት ጨርሶ አትለቃቸውም። ርግቦቹም በበኩላቸው ተማሩ። ከላይ ጥላ ሲያዩ ተሰብስበው እንደ ድንጋይ ወደ ወይራው ጫካ ይወርዳሉ፤ ሰማዩ ሲጠራ ተነስተው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

«ጌታዬ፣ ግማሹን የማሠለጥናቸው እኔ ነኝ፤ ግማሹን የሚያሠለጥናቸው ፍርሃት ነው» ትላቸው ነበር።

ቀኛዝማች ይህ ነገር አልጣማቸውም። «የድልነሳሁ ርግብ ጫካ ለጫካ ስትሹለከለክ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ያለውን ብዙም ሳይቆይ ሰሙ። የታች ሰፈሩ ግራዝማች ቢሻው፣ ቀኛዝማች ያደረጉትን ሳያደርጉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው፣ እሳቸውም ርግብ አስመጥተው ያረቡ ነበር። በኅዳር አንድ ሠርግ ላይ ጠጁ ከበድ ሲል ግራዝማች ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ፣

«ቀኛዝማች፣ ለመሆኑ እርስዎ ርግብ ነው የሚያረቡት ወይስ ለጭልፊት ቀለብ ይሰፍራሉ?» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ቀኛዝማች ብርሌያቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«የአስተርዮ ዕለት ከቆላው ገበያ ይለቀቁ! የተሸነፈ ሰው የአሸናፊውን በቅሎ ልጓም ይዞ ገበያውን ሦስት ጊዜ ያዙር!»

«በሦስቱ ብቻ?» አሉ ግራዝማች።

«በሰባት!» አሉ ቀኛዝማች።

ዳኛ እንዲሆኑ መሪጌታ ልሳኑ ተመረጡ። መሪጌታ ንግግር እንደ ጨው የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። «እሺ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሲነጋ ቀኛዝማች የተናገሩት ትዝ አላቸው። ሰባት ዙር! ልጓም ይዘው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጡ። ባሻ ዘርጋው የሚባል ሰው በእጁ ላይ ጭልፊት አስቀምጦ ደጃቸው የደረሰው በዚሁ ሳምንት ነው። ባሻ ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ ይላል፤ የየትኛው ጦር እንደሆነ ግን በየገበያው ይለያያል።

«ጌታዬ፣ ጭልፊት ሰው አይፈራ፣ ጠመንጃ አይፈራ። የሚፈራው ጭልፊትን ነው። ይህ ወፍ ከርግቦችዎ በላይ ቢያንዣብብ የማዶዎቹ ድርሽ አይሉም» አለ።

ማናህሎሽ ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር። «ባሻ፣ ምን ይበላል?» አለችው።

«ሥጋ።»

«የምን ሥጋ?»

ባሻ ፊቱን ወደ ቀኛዝማች አዞረ። «እሱ የስንቅና ትጥቅ ጉዳይ ነው። ከሴት ጋር አልነጋገርበትም።»

ቀኛዝማች በዚህ አነጋገር ልባቸው ተነካ። በቤታቸው ስንቅና ትጥቅ የሚል ሰው ካዩ ቆይተዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ አሽከሮቹን አሰልፈው ጭልፊቱን ሻለቃ ብለው ሾሙት፤ በእግሩም ላይ ቀይ የሐር ጥብጣብ አሠሩለት። ማናህሎሽ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሲመሽ ግን አልሳቀችም።

ሻለቃው የርግብ ቤቱ አናት ላይ ቦታ ተሠራለት። በመጀመሪያው ሳምንት ርግቦቹ ጥግ ይዘው ተፋፍገው፣ እህል አልቀምስ ብለው ተንቀጠቀጡ። በሁለተኛው ሳምንት አንዳንዶቹ ወጡ። በወሩ ከሥሩ ገብተው ማሽላ ይለቅሙ ጀመር። ቀኛዝማች እንግዳ እየጠሩ ያሳያሉ። «ተመልከቱ፤ ሰላም ማለት ይህ ነው! አንዲት የምትበረግግ አለች?»

አንዲትም የምትበረግግ አልነበረችም። ቁጥራቸው ብቻ ነበር የሚያንሰው። ተራብተው ሠላሳ አራት ደርሰው የነበሩት ሠላሳ ሆኑ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት። ባሻ በየሦስት ቀኑ ሪፖርት ያቀርባል። አንዷ «ኮበለለች» ይላል። ሌላዋ «ለሻለቃው ክብር ሳትሰጥ በመገኘቷ ተሰናበተች»። ሦስተኛዋ «በራሷ ጥያቄ ለቀቀች»። ቀኛዝማች ሪፖርቱን እያስነበቡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት እሳቸውም ድሬዳዋ መሥሪያ ቤት ሳሉ አላዩም።

አንድ ጠዋት ማናህሎሽ ከሻለቃው ማረፊያ ሥር የጠረገችውን ላባ በሰፌድ ይዛ ገባች።

«ጌታዬ፣ የኮበለሉት እነዚህ ናቸው።»

ቀኛዝማች ሰፌዱን አዩት። አጎቴ እንደሚለው፣ ለአፍታ ዓይናቸው ላይ አንድ ነገር ውልብ ብሎ ነበር። ግን ባሻ አጠገባቸው ቆሟል፤ አሽከሮቹም ቆመዋል፤ ሹመቱም በአደባባይ ነው የተሰጠው።

«ላባ ይረግፋል። የእኔም ፀጉር ይረግፋል። ማን በላው ልበል?» አሉ።

«ጌታዬ፣ የተበሉትስ ተበሉ። የቀሩት ግን ጭልፊት መፍራት ትተዋል። ያ ገደል ላይ ሲደርሱ ምን ይውጣቸዋል?»

«ይኸው አንቺ ፍርሃት ታስተምሪያለሽ፣ ባሻ ጀግንነት ያስተምራል። ከዛሬ ጀምሮ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ!»

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ግራዝማች ቢሻው ወሬውን ሰምተው ሰው ላኩባት። «ከእኔ ዘንድ ትምጣ፣ የፈለገችውን ትጠይቅ» አሉ። «እነዚያን በአፌ ውኃ እያጠጣሁ ያሳደግኋቸው ናቸው። በእነሱ ላይ ሌላ አላሠለጥንም» ብላ መለሰችው።

የአስተርዮ ዕለት ደረሰ። አጎቴ የሁለቱንም ሰፈር ቅርጫቶች ጭኖ ከዋዜማው ቆላ ወርዷል። ማናህሎሽ መሪጌታ ዘንድ ሄዳ ጎህ ሲቀድ እንዲለቀቁ ለምና ነበር። ባሻ ግን «ሕዝቡ ተኝቶ ሻለቃውን ማን ያየዋል? ከረፋዱ በአራት ሰዓት ይሁን» አለ፤ ቀኛዝማችም «እሱ እንዳለው» አሉ። ግራዝማች ትከሻቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ርግቦች ሰዓት ባይመርጡም መደበቅ ያውቃሉ።

በአራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገደሉን እንደ ምጣድ አግላዋለች። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባሻም ሻለቃውን በእጁ ላይ አስቀምጦ ከቀኛዝማች ጎን ቆሟል። አጎቴ ቆላ ሆኖ ቅርጫቶቹን ከፈተ። የሁለቱም ወገን ርግቦች አንዴ ዞረው አቅጣጫ ያዙና ሽቅብ ወጡ። የቀኛዝማች ርግቦች ይመሩ ነበር። ከገበያው ላይ እንደ ብር ሲያብረቀርቁ ሲታዩ የላይ ሰፈር ሰው እልል አለ። ቀኛዝማች ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

ያኔ ከገደሉ ሁለት ጭልፊት ተነሡ።

የግራዝማች ርግቦች ጥላውን እንዳዩ ተሰብስበው ወደ ወይራው ጫካ ወደቁ። ገበያው ላይ «አለቁ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ግን አላለቁም፤ ተደብቀው ነው። የቀኛዝማች ርግቦች ግን ቀስ አሉ። ማንም ያንን አይቶ ዓይኑን አላመነም። ከጭልፊቶቹ ሥር ገብተው፣ በግቢያቸው እንደለመዱት፣ ረጋ ብለው ይዞሩ ጀመር። ሻለቃቸው መስሏቸዋል።

«ውረዱ!» እያለች ማናህሎሽ ከገበያው ጠርዝ ጮኸች። «የእኔ እናት፣ ውረዱ! ውረዱ!» ድምፅዋ ገደሉን አልተሻገረም። ላባው ብቻ በፀሐይ እየበራ ቁልቁል ይወርድ ነበር።

«ባሻ! ልቀቀው!» አሉ ቀኛዝማች።

ባሻ ሻለቃውን ለቀቀ። ሻለቃው ቀይ ጥብጣቡን እያውለበለበ እንደ ቀስት ወደ ማዶ ተወረወረ። የላይ ሰፈር ሰው በተስፋ ጮኸ። ሻለቃው ደረሰ፣ የሰባችውን መረጠ፣ ይዟትም ከሁለቱ ጭልፊቶች ጋር ገደሉ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ሰው ሁሉ ወደ ባሻ ዞረ። ባሻ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ከጠላት እጅ ሊያስጥላት ነው» አለ።

ከቀትር በፊት የግራዝማች ርግቦች ከጫካው ተነስተው ከአሥራ ስምንቱ አሥራ ሰባቱ ቤታቸው ገቡ። የላይ ሰፈሩ የርግብ ቤት ደጃፍ እንደተከፈተ ዋለ፤ አንዲትም ርግብ አልገባችበትም። ቀኛዝማች ቃላቸውን አላጠፉም። ልጓሙን ይዘው ሰባቱንም ዙር ዞሩ። በመጀመሪያው ዙር ሰው ሳቀ፤ በአራተኛው መሳቁን ተወ፤ በሰባተኛው ግራዝማች ራሳቸው ከበቅሎዋ ወርደው «ይብቃ፣ ወንድሜ» አሉ።

በዚህ አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀኛዝማች ግን በማግስቱ ጥፋቱን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ባሻ ዘርጋው ተደረገ፤ ነገሩን ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ባሻ ሦስት ቀን በግ እያሳረደ አጣራ። በአራተኛው ቀን «ጥፋቱ የርግቦቹ ነው፤ አለቃቸውን ከሌላው መለየት አልቻሉም» የሚል ጽሑፍ ትቶ ከከተማው ጠፋ። በኋላ እንደተሰማው ሌላ ወረዳ ሄዶ ለአንድ የዶሮ አርቢ ሸለመጥማጥ አላምድልሃለሁ ብሏል።

ቀኛዝማች ወረቀቱን አስነበቡ። ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ገደሉ ወረዱ። እዚያ ማናህሎሽን አገኟት። በነጠላዋ ውስጥ ላባ እየለቀመች ነበር።

«ምን ያደርግልሻል?» አሏት።

«ምናልባት ቆስላ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛች አለች ብዬ ላባ ላባውን ተከትዬ እየፈለግሁ ነው።»

«ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር፣ ጌታዬ። እርስዎ ሪፖርት ያዳምጡ ነበር።»

ቀኛዝማች ጎንበስ ብለው አንድ ነጭ ላባ አነሡ። በማግስቱም ወረዱ፤ አሽከሮቻቸውንም አስከተሉ። አንዲት ክንፏ የተሰበረ ርግብ ከቁጥቋጦ ሥር አገኙ፤ ተስፋ ሰጠቻቸውና ፍለጋው ቀጠለ። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ወጣ፣ በልግ ዘነበ፤ እነሱ እየተጎነበሱ ያንን ተዳፋት ያስሳሉ። ሌላ ርግብ አልተገኘም።

አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ በዚያ መንገድ ሲያልፍ አንድ ባለ ማዕረግ ሰው ከነአሽከሮቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲንበረከክ አየ። አፋፉ ላይ ከተቀመጡት ከመሪጌታ ልሳኑ አጠገብ በቅሎውን አቁሞ ሰላምታ ሰጠና ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

መሪጌታ ከስንት ወር በኋላ ስለዚህ ነገር አፋቸውን የከፈቱት ያን ጊዜ ነው፤ ዳዊታቸውን አጥፈው ቁልቁል እየተመለከቱ፣ «ልጄ፣ ለርግብ ጭልፊት ቢሾሙ፣ ላባ ሲለቅሙ ከረሙ» አሉት።